ራሴን አመመኝ ስንል

ሶዶ ከተማ ውስጥ ብዙ ነገር ይጠፋል። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዝርዝር ብር ይጠፋል። የራስ ምታት ኪኒን ጠፋ ሲባል ግን ሰምተን አናውቅም። ወደ አንዱ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ "የራስ ምታት ስጡኝ" ለማለት የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፤ ስም መናገርም አያስፈልግም። ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ሰው የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው። "ስንት ፍሬ?" እና "ዝርዝር የለሽም?" በቃ።

ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ከነዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች ሌላ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። ባለ መድኃኒት ቤቶችን ለመውቀስ አይደለም። እነሱ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው በጤና ጣቢያውም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በተማሪ ማደሪያውም፣ በየቤታችን ምድጃ ዙሪያም የለም። ወጣት ሆኖ በሳምንት ሦስት ቀን ራሱን የሚያመው ሰው ሞልቷል። "ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፍስ እንዴት ነው? ምን ሆነሻል?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። አማርኛ ለጭንቅላትም፣ ሰው "እኔ" ለሚለው ነገርም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ራስ። "ራሴን አመመኝ" ያለች ልጅ ጭንቅላቴን አመመኝ ብላለች። እኔን ራሴን አመመኝም ብላለች። ሰሚው የሚሰማት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። "ጭንቅላት"ና "ጭንቀት"ም ሲጠሩ እንደ እህትማማች ናቸው (ዝምድናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ያጥኑት፤ የኛ ጆሮ ግን ድሮ አዛምዷቸዋል)። ደግሞ አስቡት፣ እኛ ሀገር ሰው ሲከፋው ሆዱ ይባባል፣ አንጀቱ ያራል፣ ልቡ ይሰበራል። ሐዘናችን ሁሉ አካል ላይ ነው የሚያርፈው። "ድባቴ ይዞኛል" ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አላየንም። ካርድ ክፍል የሚነገረው ራስ ምታት ነው፤ ካልሆነም ጨጓራ።

ይህ የኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሬይመንድ ፕሪንስ የሚባል ካናዳዊ የአእምሮ ሐኪም ናይጄሪያ ውስጥ ሲሠራ ተማሪዎች እየተመላለሱ ይመጡበት ነበር። ጭንቅላታችን ይከብደናል፣ ያቃጥለናል፣ ያነበብነው አልገባ አለን ይሉታል። እሱም በ1960 (እ.ኤ.አ.) ልጆቹ ራሳቸው ይሉት በነበረው አጠራር "ብሬን ፋግ" ብሎ ጻፈው፤ በኛ አነጋገር የአእምሮ መዛል እንደማለት ነው። በኋላ የመጡ ሐኪሞች "ራሱን የቻለ በሽታ ነው ወይስ ድባቴና ጭንቀት በተማሪ አንደበት ሲነገሩ ነው?" እያሉ ተከራክረውበታል። ክርክሩን ለነሱ እንተውላቸው። ለኛ የሚገርመን የኢባዳን ተማሪና የሶዶ ተማሪ ሲጨንቃቸው እጃቸውን አንድ ቦታ ላይ ማድረጋቸው ነው፤ ግንባራቸው ላይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ ሰው በመንፈስ ጭንቀት ውስጥ መሆን አለመሆኑን ለመጠርጠር የሚያገለግል ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ አለ። አማርኛ ትርጉም አለው። ቡታጅራን ጨምሮ ሀገራችን ውስጥ በተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ውሏል። ጥያቄዎቹ ስላለፉት ሠላሳ ቀናት ነው የሚጠይቁት፤ መልሳቸውም አዎ ወይም አይደለም ነው። አንድ ነርስ በአሥር ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "አዘውትሮ ራስዎን ያምዎታል ወይ?" የሚል ነው።

አዎ፣ ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቀው ቅጽ የሚጀምረው በራስ ምታት ነው። ከዚያ ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ስለ እንቅልፍ ነው። እየቆየ ማሰብ ይከብድዎታል ወይ ይላል፣ ከወትሮው በላይ ያለቅሳሉ ወይ ይላል፣ ነገሮች ማስደሰት ትተዋል ወይ ይላል። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የማይረባ ሰው እንደሆኑ ይሰማዎታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አሥራ ሰባተኛው ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው በዚህ ቢጀመር የሚመልስ ሰው አይገኝም። በራስ ምታት የተጀመረ ጨዋታ ግን ሳይታወቅ እዚያ ያደርሳል። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? የመጀመሪያውን ጥያቄ እንጠይቅና እዚያው "ወራጅ አለ!" ብለን እንወርዳለን። የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ፌርማታዎች ላይ የቆመውን ሰው ማን ያሳፍረው?

አንድ ጓደኛ አለችን። ስሟን ለኛ ተዉት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለች ግማሽ ጭንቅላቷን ይይዛት ጀመር። ሲነሳባት ብርሃን ያስጠላታል፣ ድምፅ ያስጠላታል፣ ያስመልሳታል። ሻሽ ጠፍራ በጨለማ ትተኛለች። መጀመሪያ "ምች ነው" ተብሎ ዳማ ከሴ ታሸላት፤ ጠጣችውም። ከዚያ ክሊኒክ ሄደች። ያየቻት ባለሙያ ተናግራ ሳትጨርስ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ጽፋ ጨርሳ ነበር። ውጤት መጣ፤ "ታይፎይድና ታይፈስ"። መርፌም ኪኒንም ወሰደች። በሁለት ወሩ ተመልሳ ስትሄድ እንደገና "ታይፎይድና ታይፈስ"። በሦስተኛው እሷም ባለሙያ ሆነች፤ ወደ ክሊኒኩ መሄዱን ትታ መድኃኒቱን ራሷ መግዛት ጀመረች።

(እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሀገራችን ውስጥ ራሱን ያመመው ወጣት ሁሉ ታይፎይድ የሚባልበት ምክንያት አለ። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን ለማረጋገጥ እንደማይበቃ ሐኪሞች ካወቁ ቆይተዋል። ድሮ ይዞት የዳነ ሰው፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሁሉ "ፖዘቲቭ" ሊወጣ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳት ይዞ ለመጣ ሰው ደሙን ማየት ግዴታ ነው። ትኩሳት ለሌላት፣ በወር አራት ጊዜ ግማሽ ጭንቅላቷን ይዛ ለምትመጣ ልጅ ግን ጥያቄው ከመርፌው መቅደም ነበረበት።)

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። እኛም እኮ አብረናት ነበርን፣ አብረናት ቡና እንጠጣ ነበር። "ዛሬም ራስሽን ነው?" እንላታለን፣ "አዎ" ትለናለች፣ ወሬያችንን እንቀጥላለን። ክፍል መግባት ቀነሰች። ሌሊት አትተኛም። ፀጉሯን መሠራት ተወች። በመጨረሻ አንድ ዘመድ የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ሴት ጋ ወሰዳት። ነርሷ ከሌሎቹ የተለየ መሣሪያ አልነበራትም፤ ወንበር ሳበችላትና ግማሽ ሰዓት ጠየቀቻት። የተገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማይግሬን፤ እናቷም ያላት፣ በዘር የሚወረስ፣ እውነተኛ የነርቭ በሽታ። ሁለተኛው ድባቴ። የትኛው ቀድሞ መጣ? ሐኪሞቹም ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል።

ዲትሮይት አካባቢ በወጣቶች ላይ ለዓመታት የተደረጉት የናኦሚ ብሬስላው ጥናቶች ያሳዩት ነገር አለ። መንገዱ ወዲያም ወዲህም ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው በኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ድባቴ ያለበት ሰውም በኋላ ማይግሬን የመጀመር ዕድሉ ይበልጣል። አንዱ የሌላው ጥላ ነው ማለት ሳይሆን ሁለቱ አንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው እንደማለት ነው። እንቅልፍ፣ ሕመምና ስሜት አንጎላችን ውስጥ የሚጋሩት ሽቦ አለ፤ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በሦስቱም ቤት ይገባል ይወጣል። ለዚህም ነው አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የቆየና ርካሽ መድኃኒት በዝቅተኛ መጠን ለራስ ምታት መከላከያ፣ በከፍተኛ መጠን ለድባቴ የሚታዘዘው።

ለጓደኛችንም የታዘዘላት እሱ ነበር። ወረቀቱን ይዛ መድኃኒት ቤት ስትሄድ የሆነውን እስካሁን ስናስበው ያበሽቀናል። ሰው ተሰልፏል። ሻጩ ወረቀቱን አየና ድምፁን ሳይቀንስ "ይሄ እኮ የአእምሮ መድኃኒት ነው፣ የማን ነው?" አለ። "የእህቴ ነው" ብላ ተቀበለች፤ እህት የላትም። መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ሳትነካው ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። እንግዲህ ፓራሲታሞል ስትገዛ ማንም "የማን ነው?" ብሎ አልጠየቃትም ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በሀገራችን ስድብ ሆኖ የኖረው በከንቱ አይደለም። "አማኑኤል ግባ" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ራሴን አመመኝ ከማለት ሌላ ምን እንዲል ትጠብቃላችሁ?

በሌላ በኩል አንድ ሌላ ስሕተት አለ፣ እሱም እየበዛ ነው። አሁን አሁን የነቃ የሚመስለው ሰው ሁሉ "ጭንቀት ነው፣ አታስቢ፣ ይለቅሻል" ማለት ጀምሯል። ይህ ደግሞ ሕመሙን ውሸት ማድረግ ነው። ሕመሙ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ የሀገራችን የነርቭ ሕክምና አባት የሚባሉት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትም የተሳተፉበት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የያዛቸው አዋቂ ኢትዮጵያውያን 17.7 በመቶ፣ በውጥረት የሚመጣው ራስ ምታት የያዛቸው ደግሞ 20.6 በመቶ ናቸው ይላል። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የገጠር ጥናት ማይግሬን 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። (የአጠያየቁ ዘዴ ስለተለያየ ሁለቱን ቁጥሮች አስቀምጦ "በሽታው ስድስት እጥፍ አደገ" ማለት አይቻልም። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይህቺን ብናልፋት መምህሮቻችን ይታዘቡናል።) ማይግሬን ከጉርምስና በፊት ወንድና ሴት ልጅን እኩል ነው የሚይዘው። ከዚያ በኋላ ግን ሴቶቹ ከወንዶቹ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣሉ። በዓለም ደረጃ ወጣት ሴቶችን ከሥራና ከኑሮ ከሚያስተጓጉሉ በሽታዎች ቀዳሚው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን "አታስቢ" በሚል ቃል ማከም አይቻልም።

ደግሞስ አታስቢ ማለት እንዴት ነው? የወላይታ ወጣት የሚያስበው ነገር አጥቶ ነው እንዴ የሚያስበው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በሀገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። መኮረጅ መቅረቱን እንደግፋለን፤ ጉዳያችን እሱ አይደለም። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ምናምኑ "ወደቅህ" ተብሎ ወደ ቤት ሲመለስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ነው። በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በወላይታ የመምህራን ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ቀርቶ ትምህርት የተቋረጠበትን፣ መምህራንም አደባባይ የወጡበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። የመምህር ልጅ ሆኖ በዚያው ዓመት ለፈተና የተቀመጠ ልጅ ራሱን ቢያመው ይገርማል? ሰኔ 2010 ሐዋሳ ላይ በወላይታ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት ቤተሰቡ ሸሽቶ ሶዶ የገባ፣ ነሐሴ 2012 ወላይታ ውስጥ ሰዎች ሲገደሉ ተኩሱን አልጋ ሥር ሆኖ የሰማ ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ይህን ሁሉ ማንም ካርድ ላይ አይጽፍለትም። ካርዱ ላይ ያለው "ራስ ምታት፣ 3 ቀን" ነው።

ከአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ ሰው 18 ዓመት ሳይሞላው ነው የሚጀምሩት። ይህ እንግዲህ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ዕድሜ ነው። ራስ ምታቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ዕድሜ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ የሚያጥረው መንገድ ስንት ነው…

ስለ ኪኒኑም አንድ ነገር እንበል፤ ይቺ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ናት። የራስ ምታት መድኃኒት ራስ ምታት ያመጣል። ቀልድ አይደለም። ማይግሬን ወይም የውጥረት ራስ ምታት ያለበት ሰው ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር አሥራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ከወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ በየቀኑ የሚመላለስ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ትራማዶልና የተቀላቀሉ መድኃኒቶች ላይ ሲሆን ደግሞ በወር አሥር ቀን ይበቃል። እናም ልጅቷ ኪኒን የምትውጠው ስለሚያማት ነው፤ የሚያማትም ስለምትውጥ ነው። ክብ ነው፤ መውጫው ሐኪም ጋ ነው ያለው። ያለንበትን ቁጥር ለማወቅ ግን ሐኪም አያስፈልግም። የግድግዳው ካላንደር ላይ ያመመንን ቀን በአንድ ምልክት፣ ኪኒን የዋጥንበትን በሌላ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። አንድ ወር ያህል ተደርጎበት ሐኪም ፊት የተዘረጋ ካላንደር ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት የበለጠ ይናገራል።

ቡናንም ሳናነሳ ብናልፍ ትዘባበቱብናላችሁ። "ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል" የማትል እናት ያለችው ከኛ ሰው አለ? እውነቷን ነው። በየቀኑ የለመደ ሰው ካፌይን ሲያቋርጥ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይጀምራል፤ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስም ሊቆይ ይችላል። ለፈተና ሰሞን ሌሊቱን በቡና፣ ከዚያም በጫት የሚያድር ተማሪ ደግሞ ከምርቃናው ማግስት የሚመጣውን ዱካክ ያውቀዋል። እንቅልፍ አልባ ሳምንት፣ ምግብ የዘለለ ቀን፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ፊት ላይ የሚበራ ስልክ፤ እነዚህ ማይግሬንንም ድባቴንም እኩል ነው የሚቀሰቅሱት።

ታዲያ ማን ይጠይቅ? ወላይታ ውስጥ ለወጣት የመጀመሪያው ሰሚ ሐኪም አይደለም። ጸሎት የሚያደርግለት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ጸበል የሚወስደው አጎት ነው፣ አክስት ናት። እኛ በዚህ አናፍርም። የምንፈልገው እነዚህ ሰዎች ከጸሎቱ ጎን ሁለት ሦስት ጥያቄ እንዲጨምሩና "መድኃኒቱን ተዪው፣ እምነት ይበቃሻል" እንዳይሉ ነው።

አያቶችም አሉ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ሥራ ጀመረ። ክሊኒክ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ በአንድ ጫፍ አያት፣ በሌላው ጫፍ የጨነቀው ሰው። አያቶቹ "ድባቴ" የሚል ቃል አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የኛ እናቶች "ልጄ ሐሳብ አበዛች" የሚሉት ነገር መሆኑ ነው እኮ! እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በእጅጉ ተሽሏቸው እንደተገኙ ያሳያል። አግዳሚ ወንበር ሶዶም አለ። አያትም አለ።

እንዲህ ያለ ነገር በሀገራችን አልተሞከረም ማለት አይቻልም። ኢንተርኔት ላይ "ሶዶ" እና "የአእምሮ ጤና" ብላችሁ ብትፈልጉ የጥናት መዓት ይወርድላችኋል። እኛም አይተን ደስ ብሎን ነበር፤ ሶዶዋ ግን የኛዋ አይደለችም፣ የጉራጌዋ ሶዶ ወረዳ ናት፣ ቡኢ ያለችበት። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕሙማንን እዚያው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል፤ ለከባዱ የአእምሮ ሕመምና ለሚጥል በሽታ ጥሩ ውጤት ታይቷል። ድባቴ ላይ ግን የሠለጠኑትም ባለሙያዎች አብዛኛውን ታማሚ ሳይለዩት ነበር የሚያልፉት። ለምን ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ታማሚው የሚያወራው ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ድካሙ መሆኑ ነው። ሥልጠና ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ራስ ምታት ያለ ሁሉ ቀሪዎቹን ጥያቄዎች ሳይጠየቅ እንዳይሄድ የሚያስገድድ ልማድ ያስፈልጋል።

ሌላው የሚያሳስበን ከተማው ውጭ ያለው ወጣት ነው። ሃላሌን ውሰዱ፤ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ከግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ጉርብትና። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አጠገብ የሚኖር ልጅ የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ወደ ሶዶ መኪና መጠበቅ አለበት። የመኪና፣ የማደሪያ፣ የአስታማሚ ወጪ አለው። ያን ሁሉ አውጥቶ መጥቶ "ታይፎይድ" ተብሎ ቢመለስ በሚቀጥለው አይመጣም። ደግሞ የሚናገረው ወላይታቶ ዶና ነው፤ አማርኛውን ለገበያ ያህል ቢችለው እንኳ "ደስታ ርቆኛል" የሚለውን በሰው ቋንቋ መናገር ሌላ ነገር ነው። ቋንቋ ለወላይታ ሰው ቀልድ እንዳልሆነ በ1992 ዓ.ም. "ወጋጎዳ" የሚባሉት መጻሕፍት የመጡ ጊዜ በደም ተጽፏል። ለትምህርት መጽሐፍ እንዲያ የተሟገተ ሕዝብ ስለ ሕመሙ በአፉ ቋንቋ ቢጠየቅ አይበዛበትም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ክሊኒክ አለው፤ ከተማዋ ጤና ጣቢያዎች አሏት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚኒ ሚዲያና የጤና ክበብ አላቸው። ራሴን አመመኝ ብሎ በወር ከሁለት ጊዜ በላይ የሚመጣ ወጣት ሁሉ፣ ትኩሳት ካለው ወባው ታይቶ፣ ከዚያ ሃያውን ጥያቄ ይጠየቅ። ቅጹ በሽታውን ቆርጦ አይናገርም፤ ማን ቁጭ ተብሎ መነጋገር እንዳለበት ግን ይጠቁማል። አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ሰውን ያላሰበውን ያሳስበዋል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ጥናቶች ያንን አያሳዩም፤ ብዙዎች ስለተጠየቁ እፎይ ይላሉ። "አዎ" ያለን ሰው ብቻውን ወደ ቤት መስደድ ግን አይገባም፤ ሰው አብሮት ይሁን፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ አንገት ከማድረቅና ከትኩሳት ጋር የመጣ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የጀመረ፣ እጅና እግር ያደከመ ወይም ዓይን የጋረደ ከሆነም እንደዚያው ነው፤ ጥያቄ ለነገ፣ ሆስፒታል ለዛሬ።

መድኃኒት ቤቶችንም አንረሳም። አንድ ልጅ በሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ "በወር ስንት ቀን ነው የምትውጪው?" ብሎ መጠየቅ ሁለት ሰከንድ ነው። የሐኪም ወረቀት የያዘውን ሰው ደግሞ እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አስተናግዱት።

ሃያው ጥያቄ አንድ ገጽ ወረቀት ነው የሚፈጀው። የአማርኛው ትርጉም አለ። የወላይትኛው በቋንቋው ምሁራንና በጤና ባለሙያዎች አብሮ ቢሠራ፣ ሃላሌ ላይ ካሉ እናቶች ጋር ቁጭ ተብሎ "ይህን እናንተ እንዴት ትሉታላችሁ?" ተብሎ ቢጣራ ጥሩ ነው። የኛ ቡድን ለመተየብና ለማባዛት ዝግጁ ነው፤ ወንበር የሚያዋጣ ካለ ደግሞ እንነጋገር።